የካሴቱ ሁለተኛ ፊት

ወንድሜ ነቢዩ በተቀበረ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን፣ ፖሊስ የመለሰልንን ፌስታል ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታሁት። አንድ እግር ጫማ፣ ያልታረሙ የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀቶች፣ የተሰነጠቀ መነጽር፤ ከሁሉም ሥር አንድ ካሴት። ካሴቱን አውቀዋለሁ። አባታችን በሕይወት ሳለ ድሬዳዋ ሄዶ ያስቀዳው የቢትልስ የመጀመሪያ አልበም ነው፤ በላዩ በአባቴ የእጅ ጽሕፈት «አራቱ እንግሊዞች» ይላል። ማኅደሩ ግን አብሮት አልነበረም።

ነቢዩ ስለዚህ አልበም ማውራት ከጀመረ የሚያቆመው አልነበረም። ገለምሶ የሚያስተምራቸው ልጆች እንኳ ሰልችተውት ነበር።

«አቦ፣ አንዴ ስሚኝ ሚኪ!» ይለኛል። «አብዛኛውን ዘፈን የቀዱት በአንድ ቀን ነው። በአንድ ቀን! ዘፋኙ ጉንፋን ይዞታል፤ ጉሮሮው አልቋል። ስለዚህ ጉሮሮ የሚሰነጥቀውን ዘፈን ለመጨረሻ አቆዩት። ለምን? ከዚያ በኋላ ድምፅ እንደማይተርፈው ስላወቁ!»

«በአንድ ቀን የሚያልቅማ እኛም አለን» እለዋለሁ፤ «የጭሮ የቧንቧ ውሃ።»

«አንቺ ሕግ እንጂ ሙዚቃ አይገባሽም» ይልና በፎጣው ይመታኛል።

ካሴቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁት። ክሩ ከሞላ ጎደል በሙሉ በአንደኛው ጎማ ላይ ተጠቅልሎ ነበር። የመጀመሪያው ፊት አልቆ፣ ሁለተኛው ፊት ጥቂት ዙር ብቻ ተጉዞ ቆሟል። በአባቴ አሮጌ ቴፕ ውስጥ ከተትሁትና ካለበት ሳላንቀሳቅስ ከፈትሁት። የሁለተኛው ፊት የመጀመሪያ ዘፈን ገና መግቢያው ላይ ነበር። ዘጋሁት። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ መልሼ ሰማሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ ያው ሆነ። ነቢዩ የሞተበት የመኪና አደጋ ሲደርስ፣ በመኪናው ቴፕ ውስጥ የነበረው ካሴት ከዞረ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላውም ነበር። ካሴት ደግሞ ራሱን አያዞርም።

የዚያን ቀን መኪናውን ሲነዳ የነበረው ሳቢር ነው፤ የነቢዩ የልጅነት ጓደኛ፣ የጫት ነጋዴው የአቶ አብዱረዛቅ ልጅ። ለፖሊስ የሰጠው ቃል አጭር ነበር፦ ከበደሳ አለፍ ብሎ መታጠፊያው ላይ ላም ገባችበት፤ ላሟን አድናለሁ ሲል መኪናው ገደል ገባ። ነቢዩ እዚያው አረፈ። ሳቢር ግራ እጁ ተሰብሮ ተረፈ። ከተማው ይህን አመነ፤ እኔም አመንሁ።

ከተማው የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ሳቢርና እኔ ከተዋደድን ሦስት ዓመት ሆኖናል።

በጭሮ የክርስቲያን ልጅና የሙስሊም ልጅ አንድ ሰፈር ያድጋሉ፤ አንዱ በሌላው በዓል ይጠራል፤ አንዱ የሌላውን ሬሳ ይሸኛል። ከዚያ የሚያልፍ ነገር ሲመጣ ግን በሮች ሁሉ ይዘጋሉ። ስለዚህ ለማንም አልነገርንም፤ ለነቢዩም እንኳ። ሳቢር ካሴቱን ከነቢዩ ይዋሳል፤ ሊመልስ ይመጣል፤ ያየኛል፤ መልሶ ይዋሳል። እኔም በማኅደሩ ውስጥ ደብዳቤ አጥፌ እደብቅለት ነበር። ነቢዩ አንድ ቀን፣ «አንተ ልጅ፣ ይህን ካሴት አግባውና እንረፍ!» ሲለው ሁለታችንም መሬት መሬት ስናይ ቆየን።

በየቅዳሜው ሳቢር ከገለምሶ ጫት ጭኖ ሲመለስ፣ ልክ በአሥር ሰዓት የአልበሙን የመጀመሪያ ፊት ይከፍታል፤ እኔም ባለሁበት በስልኬ ያንኑ እከፍታለሁ። መንገዱ ላይ ኔትወርክ ስለማይገኝ መነጋገር አንችልም፤ አብረን ግን እንሰማለን። ሰባት ዘፈን ይሄዳል፣ ካሴቱ ይዞራል፣ ሌላ ሰባት ይቀጥላል። ጨዋታውን የፈጠርሁት እኔ ነበርሁ።

በዚያች ቅዳሜ ነቢዩ ቅዳሜና እሑድን ከእኛ ጋር ሊያሳልፍ በሳቢር መኪና ተሳፍሮ ነበር። እኔ በእናቴ ቤት ጓሮ ልብስ አሰጣ ነበር። አሥር ሰዓት ከሩብ አልፎ ሁለተኛው ፊት ሲጀምር፣ ሳቢር በዚያ ቅጽበት ስለ እኔ እንደሚያስብ አውቄ ፈገግ አልሁ። ያንን ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፈገግ እንዳልሁ ጨረስሁት።

•

እናቴ ሳህሊቱ ከቀብሩ ወዲህ «ልጄ» የሚለውን ቃል ከአፏ አላወጣችም። እኔን በስሜ ብቻ ትጠራኛለች። የጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ ጆሮዋን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች። ሽማግሌዎቹ፣ በእኛ ከተማ አጠራር ጃርሶቹ፣ ስለ ደሙ ካሣ ሊያነጋግሯት ሲመጡ እንኳ ቀና ብላ አላየቻቸውም። ከብት እንደሚሰጥ፣ እንደ ወጉ እንደሚታረቅ ሲነግሯት ዝም ብላ አዳመጠች። ከዚያ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ተናገረች።

«ልጅ ወስዳችሁብኛል፤ ልጅ ስጡኝ።»

ትርጉሙን ያስረዳችኝ ጎረቤታችን እትዬ ባየች ናት። ካሴቱን ባገኘሁበት ቀን ለአርባው የሚሆን ምስር ይዛ መጣች፤ ከደጃፉ ላይ ተቀምጣ እየለቀመች ታወራ ጀመር።

«አርባው በወጣ በማግስቱ ነው» አለች። «ልጁ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ እናትሽ ታነሳለታለች። ከዚያ አውራ ጣቷን ማር ነክራ ታጠባዋለች። በቃ፣ የጡት ልጇ ሆነ!»

«ሳቢር?»

«ሌላ ማን አለ? ሼህ አብዱላሂም ተስማምተዋል፤ ማር ሐላል ነው ብለዋል። አባቱማ ሲያለቅስ ዋለ አሉ።» ከምስሩ መካከል ጠጠር አውጥታ ወረወረች። «ይህ የእናትሽ አገር የጥንት ወግ ነው፤ እዚህ ሰዉ ረስቶታል። ጡት የተጣባ ደም አይቃባም፣ አይካካድም፣ አይጋባም። አንቺማ ታደልሽ፤ ስትመረቂ ወንድምሽ በጫት መኪና ክላክስ እያስነፋ ያጅብሻል።» ከዚያ እጇን በአፏ ጫነች። «ውይ! ምላሴን ይቁረጠው፤ ስለ መኪና አወራለሁ ደግሞ!»

ቁጭ ብዬ ምስሩን አብሬያት መልቀም ጀመርሁ። ጠጠሩንም ፍሬውንም አንድ ላይ ስወረውር አይታ፣ «ተይው እኔ እለቅማለሁ፤ አንቺ ልብሽ የለም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ልቤ «አይጋባም» ባለችው ቃል ላይ ቆሞ ቀርቶ ነበር።

•

በማግስቱ ሳቢርን በከተማው ቤተ መጻሕፍት አገኘሁት። ለሁለታችንም ሰበብ የማያስፈልገው ቦታ ያ ብቻ ነበር። ከስቷል። ግራ እጁ በጄሶ ታስሯል፤ የሸሚዙ አንገት በአንድ በኩል ታጥፎ ቀርቷል። መጽሐፍ ገልጬ ከፊት ለፊቱ ተቀመጥሁ።

«ላሟ ምን ዓይነት ነበረች?» አልሁት።

«ምን?»

«ቀለሟን ነው የጠየቅሁህ።»

ግራ ተጋባ። «ቀይ . . . ቀይ መሰለችኝ።»

«ለፖሊስ ጥቁር ብለሃል። ቃልህን አንብቤዋለሁ።»

ስለ ካሴቱ ነገርሁት፤ ክሩ የት እንደቆመ፣ ያ ምን ማለት እንደሆነ። «እጅህን ከመሪው አንስተህ ያዞርኸው አንተ ነህ» አልሁት። «በእኔ ጨዋታ ምክንያት ነው። ንገረኝ፣ ሳቢር። የማላውቀውን ይቅር ልል አልችልም።»

«ላም አልነበረችም» አለ።

የተሰበረ እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

«ያዞረው ነቢዩ ነው። 'አንተ ንዳ፣ ይህ የእኔ ሥራ ነው' ብሎ አዞረው፤ ደስ ብሎት ነበር። ስለዚያ ጉሮሮው ስለታመመ ሰውዬ እየነገረኝ ነበር፤ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ እንጃ። ከዚያ የዘፈኖቹን ዝርዝር ሊያይ ማኅደሩን አነሳ።» ዓይኑን ጨፈነ። «ደብዳቤሽ ውስጡ ነበር፣ ሚካል። ጫፉ ሲወጣ አየሁት። 'ይህ ደግሞ ምንድን ነው አቦ፣ የፍቅር ደብዳቤ?' አለና ሳቀ። ሊገልጠው ሲል ቀማሁት። በሁለት እጄ ነው የቀማሁት። ወላሂ፣ መንገዱን አላየሁም። የእጅሽን ጽሕፈት እንዳያይ ብቻ ነበር ያሰብሁት።»

የተገለጠው መጽሐፍ ፊደላት በዓይኔ ተደባለቁ። ነቢዩን የገደለው ፍጥነት አልነበረም፤ ላምም አልነበረችም። የእኔና የሳቢር ምስጢር ነበር። አንድ ቀን ደፍረን፣ «ነቢዩ፣ እንዋደዳለን» ብንለው ኖሮ፣ ይቆጣ ነበር፣ ያኮርፍ ነበር፣ አንድ ወር ላያናግረን ይችል ነበር። ግን ያን ደብዳቤ የሚቀማው አይኖርም ነበር።

«ደብዳቤው የት አለ?»

«እኔ ዘንድ ነው። ለፖሊስ አልሰጠሁም።»

«ለእናቴ ትነግራታለህ» አልሁት። «ሁሉንም። ማሩን ከመቅመስህ በፊት።»

«እናትሽ ልጅ ስጡኝ ብላለች። እኔ በልጅ ፈንታ ይህን ልስጣት?»

«እውነት ነው የምትሰጣት። በሐሰት ላይ የቆመ ዕርቅ ዕርቅ አይደለም፤ እሷን ማታለል ነው። አንተ ካልተናገርህ እኔ እናገራለሁ።»

«አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ አንደኛ ነሽ» አለ። «መልሱን ሁሉ ታውቂዋለሽ። እኔ ግን እንዲሁ ማለፍ ብቻ ነው የምፈልገው። በእናትሽ ደጅ አንገቴን ደፍቼ ማለፍ። ያን ያህል ብቻ።»

ከዚያ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሰርካ ከጠረጴዛዋ ላይ ሆና፣ «እናንተ ልጆች! እዚህ ይነበባል እንጂ አይለቀስም!» ብላ ገሠጸችን። ቀና ብላ ማን መሆኔን ባወቀች ጊዜ ግን ዓይኗን ወደ መዝገቧ መለሰች። የሐዘንተኛ ልብስ ለብሼ ነበር።

ሳቢር ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «እሺ» አለ። «ማሩ ከመምጣቱ በፊት እናገራለሁ። ደብዳቤውንም፣ አንቺንም። ወላሂ።»

«ያኔ የጡት ልጇ አትሆንም» አልሁት ሳላስበው።

ቀና ብሎ አየኝ። ሁለታችንም የተናገርሁትን ሰማን። እውነቱ ሲወጣ እናቴ ይቅርታዋን ልትነፍገው ትችላለች፤ ይቅርታ ከነፈገችው ወንድሜ አይሆንም፤ ወንድሜ ካልሆነ ደግሞ . . . ነቢዩ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስፋ አደረግሁ። ለእውነት ብዬ የቆምሁ መስሎኝ ነበር። እውነትና ምኞቴ በአንድ ወገን ቆመው ሳገኛቸው ግን በራሴ አፈርሁ።

•

የአርባው ድንኳን በማግስቱም አልተነሳም ነበር። ረፋዱ ላይ ሽማግሌዎቹ በሁለት ረድፍ ተቀመጡ፤ በአንድ በኩል የእኛን ወገን የሚመሩት ጋሽ ጀምበሩ፣ በሌላ በኩል ሼህ አብዱላሂና አቶ አብዱረዛቅ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በመካከል በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እኔ የማሩን ጎድጓዳ ሳሕን ይዤ ከጀርባዋ እንድቆም ታዘዝሁ።

ሳቢር ከበሩ ገባ። ማጅራቱ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሟል፤ በአንድ እጁ ብቻ ደግፎታል። በየርምጃው ድንጋዩ ወደ ጄሶው ያዘነብላል፤ ማንም እንዲያግዘው ወጉ አይፈቅድም። እናቴ እግር ሥር ደርሶ ተንበረከከ።

«እህታችን ሳህሊቱ» አሉ ጋሽ ጀምበሩ፣ «ይህ ልጅ በማጅራቱ የተሸከመውን አንቺ ብቻ ነሽ የምታነሺለት። ካላነሳሽለትም አንፈርድብሽም።»

እናቴ ድንጋዩን አየችው። አንድ ሰው ሳለ። ከዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ ድንጋዩን አነሳች፤ ከአጠገቧ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ሰዉ ሁሉ ተነፈሰ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሼህ አብዱላሂ።

አቶ አብዱረዛቅ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ጭሮ የሚያውቃቸው በድምፃቸው ነው፤ ገበያ መካከል ቆመው ሲጣሩ እስከ መነኸሪያው ይሰማሉ። አሁን ግን የሚሰሙት እንደ ሹክሹክታ ነበር። «እህቴ፣ አምስት ልጅ አለኝ። ይህኛው ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው። በበዓልሽ ከቤትሽ ይውላል፤ ስትታመሚ ያስታምምሻል፤ ስትሞቺም አፈር ያለብስሻል። ማር ነው ቢሉኝም እኔ እንደ ጡት ነው የምቆጥረው።»

«ማሩን አቅርቢው» አለችኝ እናቴ።

ወደ ፊት ሄድሁ። ሳቢር ቀና አለ። ቃል እንደገባልኝ ሊናገር እንደተዘጋጀ ከዓይኑ አወቅሁ፤ እንደዚያ ያለ ፍርሃት በሰው ዓይን ውስጥ አይቼ አላውቅም። እናቴ አውራ ጣቷን እስከ መገጣጠሚያው ማሩ ውስጥ ነከረች። ነገር ግን ወደ አፉ ከመውሰዷ በፊት፣ በሌላው እጇ የሸሚዙን የታጠፈ አንገት ገልብጣ አስተካከለችለት። እንዲያው እንደ ልማድ፣ ሳታስበው፣ ነቢዩ ለሥራ ሲወጣ ታደርግለት እንደነበረው።

«ልጄ» አለችው። «ምነው እንዲህ ከሳህ?»

አርባ አንድ ቀን ሙሉ ያልሰማሁት ቃል ነበር።

ሳቢር ከንፈሩን ነከሰ። «እትዬ ሳህሊቱ» አለ፤ «ከዚህ በፊት . . . አንድ የምናገረው ነገር አለኝ።»

አቶ አብዱረዛቅ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ።

«ተናገር፣ ልጄ» አለች እናቴ።

ሁለተኛ ጊዜ አለችው። ፊቷን አየሁት። ለወራት ተዘግቶ የቆየ ቤት መስኮቱ ሲከፈት እንደሚሆነው፣ በጉንጮቿ ላይ ደካማ ብርሃን ወጥቶ ነበር። ያን ብርሃን ያመጣው የሳቢር ስም አይደለም፣ ይቅርታም አይደለም፤ ያ አንድ ቃል ነው። ቃሉ ዳግመኛ የሚጠራው ሰው አግኝቶ ነበር። ሳቢር አሁን ቢናገር፣ እናቴ በአንድ ጊዜ ሦስት ልጅ ታጣለች፤ የሞተውን እንደገና፣ የተንበረከከውን ሳታገኘው፣ ሳሕን ይዛ የቆመችውን ደግሞ ለዘላለም።

የተማርሁት ሕግ ሁሉ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ለሳቢር የሰበክሁት ሁሉ፣ በአእምሮዬ ውስጥ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። አንዱም ልክ አልነበረም ማለት አልችልም። ዛሬም ልክ ነበር እላለሁ።

ሳቢር አየኝ። «እትዬ፣ ያን ቀን መኪናው ውስጥ . . .»

«እማዬ» አልሁ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ። «ማሩ እየፈሰሰ ነው።»

እውነትም ከአውራ ጣቷ ጫፍ እየተንጠባጠበ በቀሚሷ ላይ ይወርድ ነበር። «ውይ!» አለች፤ ፈጥና እጇን ወደ አፉ ወሰደች። የሳቢር አፍ በጀመረው ቃል ላይ ተከፍቶ ነበር። ዓይኑ ግን ከእኔ አልተነሳም። ይጠይቀኝ ነበር፤ ቁጣም ልመናም ነበረበት። ራሴን በጣም በዝግታ፣ ማንም እንዳያይ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቅሁ።

ዓይኑን ጨፈነ፤ ጠባ።

እትዬ ባየች ከድንኳኑ ዳር እልልታዋን አቀለጠችው። ሼህ አብዱላሂ ዱዓ አደረጉ፤ ጋሽ ጀምበሩ መረቁ፤ «አሜን» እና «አሚን» ተደባልቀው ወጡ። አቶ አብዱረዛቅ ፊታቸውን በኩታቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይርገፈገፍ ነበር። እናቴ የሳቢርን ራስ ወደ ጉልበቷ አስጠግታ ፀጉሩን ታሻሸው ነበር። እኔ ሳሕኑን ይዤ ቆሜአለሁ፤ የት እንደማስቀምጠው አላወቅሁም።

«ሚካልዬ፣ ልጄ» አለችኝ እናቴ። ለእኔም አለችኝ! «ምን ትጠብቂያለሽ? ነይ፣ ወንድምሽን ሳሚው እንጂ።»

አንድ ሰው ሳሕኑን ከእጄ ተቀበለኝ። ሳቢር ተነስቶ ከፊቴ ቆመ። በሦስት ዓመት ውስጥ እጄን ሁለት ጊዜ ነክቶኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ ካሴት ሲያቀብለኝ። ከንፈሬ ፊቱን ነክቶት አያውቅም። ለዚያ ቀን ስንት ነገር አስቤ ነበር፤ የት እንደሚሆን፣ ምን እንደምለው፣ ምን እንደሚለኝ። ጉንጩን ሳምሁት። ቆዳው ይቃጠል ነበር። ወዲያው አፈገፈግሁ።

«ምነው አንድ ጊዜ ብቻ?» አለች እናቴ እየሳቀች። ሰዉም አብሯት ሳቀ። «ወንድም እንዲህ ይሳማል?»

ስለዚህ እንደገና ሳምሁት። በሌላኛው ጉንጩ፣ ከዚያ መልሼ በመጀመሪያው፤ ቀስ ብዬ፣ እናቴ እንደወደደችው፣ በሰው ሁሉ ፊት። ሳቢር አልተነቃነቀም። ወደ ጆሮው በቀረብሁ ጊዜ፣ ልለው ካስቀመጥኋቸው ቃላት ሁሉ የተፈቀደልኝ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱንም አልሁት።

«ወንድሜ።»